ደጎል በጅቡቲ፤ ድሬዳዋ በሐዲዱ ማዶ

ነሐሴ 19 ቀን 1958 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ጄኔራል ሻርል ደጎል የረጅም ጊዜ የዓለም ጉብኝታቸውን ሲጀምሩ መጀመሪያ ያረፉት ጅቡቲ ነበር። ያኔ «የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ» የምትባል የባሕር ማዶ ግዛት ነበረች። አቀባበሉ በሰልፍና በባንዲራ የደመቀ እንዲሆን ታስቦ ነበር። እንግዳውን የጠበቃቸው ግን «ነጻነት» የሚል መፈክር ያነገበ ሰልፈኛ ነው።

ሰልፉ ወደ ሁከት ተቀየረ፤ ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ቆሰሉ። በማግስቱ ደጎል በላጋርድ አደባባይ ለሕዝብ ሊያደርጉት የነበረው ንግግር ቀርቶ፣ በግዛቲቱ ምክር ቤት አዳራሽ ውስጥ ተናገሩ። አደባባዩ የተሰየመለት ሌኦንስ ላጋርድ ጅቡቲን ያቋቋመ ገዥ ሲሆን፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የፈረንሳይ መልእክተኛ ሆኖ «የእንጦጦ መስፍን» የሚል ማዕረግ ያገኘ ሰው ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ድሬዳዋ ሩቅ አልነበረችም። በሐዲዱ ቢለካ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተማዋም የተወለደችው በዚሁ ሐዲድ ነው። መሐንዲሶቹ ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ቢያስቸግራቸው መስመሩን በቆላው አሳልፈው፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1895 ዓ.ም. እዚህ አደረሱት። በ1958 ዓ.ም. ኩባንያው ግማሹ የኢትዮጵያ፣ ግማሹ የፈረንሳይ ነበር። የባቡሩ ዋና ጥገና የሚካሄደው በድሬዳዋ ወርክሾፕ ሲሆን፣ የሠራተኛው የሥራ ቋንቋም ፈረንሳይኛ ነበር። ለገሃር አካባቢ ያለው ነጋዴ፣ ተሸካሚውና ጫት ላኪው ሁሉ ገበያው ጅቡቲ ነበር። እዚያ ወደቡ ሲታወክ እዚህ ምድጃው ይቀዘቅዝ ነበር።

ደጎል ነሐሴ 21 ቀን አዲስ አበባ ሲገቡ ነገሩ ሌላ ሆነ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በታላቅ ክብር ተቀበሏቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ለእንግዳው ያሳዩት አክብሮት ግን ከጭንቀት የጸዳ አልነበረም። ፈረንሳይ ድንገት ብትወጣ ሶማሊያ ጅቡቲን ትጠይቃለች፤ በባንዲራዋ ላይ ካሉት አምስት የኮከብ ጫፎች አንዱ የሚወክለው ይህንኑ ግዛት ነው። የኢትዮጵያ የባሕር በርም ያኔ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ አዲስ አበባም በግዛቲቱ ላይ የይገባኛል ጥያቄዋን አልተወችም።

ደጎል ከሄዱ በኋላ አገረ ገዥው ተቀየሩ፤ ሕዝበ ውሳኔም ተጠራ። መጋቢት 10 ቀን 1959 ዓ.ም. ከመራጩ 60 በመቶ ያህሉ ከፈረንሳይ ጋር መቆየትን መረጠ ተባለ። ከድምፁ በፊትና በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ሶማሌዎች ተባረሩ፤ የጅቡቲ ከተማም በሽቦ አጥር ታጠረች። የግዛቲቱ ስም «የአፋሮችና የኢሳዎች የፈረንሳይ ግዛት» ተባለ። በዚያው ዓመት የስዊዝ ቦይ ሲዘጋ የጅቡቲ ወደብ ሥራ ቀዘቀዘ፤ ይህም ለባቡሩ ከተማ ሌላ ፈተና ሆነ።

እውነተኛው ብሔራዊ በዓል የመጣው ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ጅቡቲ ነጻነቷን ስታገኝ ነው። ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ የፈረንሳይም ባንዲራ ወረደ። በዚያ ሰሞን ግን በሶማሊያ የሚደገፉ ሽምቅ ተዋጊዎች የሐዲዱን ድልድዮች እያፈረሱ ስለነበር፣ ጅቡቲ ስትጨፍር ድሬዳዋ ባቡር አልባ ነበረች። ከሁለት ወር ሳይሞላ በነሐሴ የሶማሊያ ጦር በድሬዳዋ ደጃፍ ላይ ደረሰ፤ ከተማዋም ተዋግታ ተረፈች።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። ለመሪ የተደገሰ ሰልፍ የሕዝብን ልብ አያሳይም። የደጎል ጉብኝት ፈረንሳይን ለማጽናት ታስቦ የነጻነቱን ጥያቄ ዓለም እንዲሰማው አደረገ። ድሬዳዋ ደግሞ ጅቡቲ በታወከች ቁጥር ዕጣዋ አብሮ ተናግቷል። ሰኔ 20 የጎረቤት በዓል ቢሆንም፣ የድሬዳዋ ልጅ የራሱን ከተማ ታሪክ ሲጽፍ ሊዘለው የሚችለው ቀን አይደለም።