ወፍራሙ ጣሪያና ቀጭኑ እግር፦ የዕብራይስጥ የመጽሐፍ ፊደል ታሪክ

አፉላ ውስጥ ኡልፓን ገብቶ የሚማር ወላጅ ሁሉ አንድ ነገር ሳያስቸግረው አይቀርም። በመንገድ ምልክት ላይ የለየው ፊደል፣ ልጁ በያዘው መጽሐፍ ውስጥ መልኩን ለውጦ ይጠብቀዋል። በዚህ ጊዜ «ትምህርት ለእኔ አይሆንም» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የፊደሉ መልክ የራሱ ታሪክ አለው።

የመንገዱ ጽሑፍ መስመሩ ሁሉ እኩል ውፍረት አለው። የመጽሐፉ ግን ወፍራምና ቀጭን መስመር የተቀላቀለበት ነው። ይህም ከብዕር አያያዝ የመጣ ነው። በአገር ቤት ጸሐፊው በመቃ ብዕር ብራና ላይ ሲጽፍ የፊደላችን እግር ይወፍራል፣ አግድሙ ይቀጥናል። በዕብራይስጥ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ጣሪያው ይወፍራል፣ እግሩ ይቀጥናል።

በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በኢጣሊያ ፓርማ ከተማ ጃምባቲስታ ቦዶኒ፣ በፓሪስም የዲዶ ቤተሰብ፣ ወፍራሙን መስመር አወፍረው ቀጭኑን እንደ ፀጉር ያሳሱበት የላቲን ፊደል አወጡ። ውበቱ ስለተወደደ በአውሮፓ ተስፋፋ። የዕብራይስጥ ፊደል ቀራጮችም ይህንኑ ተከተሉ። ይሁን እንጂ የዕብራይስጥ ቀጭን መስመር እግሩ ስለሆነ፣ እግሩ ሊጠፋ ሲደርስ ጣሪያው ብቻ ጎልቶ ታየ፤ ፊደላቱም እርስ በርሳቸው ተመሳሰሉ።

ይህን ካስተዋሉት አንዱ ራፋኤል ፍራንክ ነው። በጀርመን አገር በላይፕሲግ ከተማ ሐዛን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 ገደማ፣ የማተሚያ ፊደል ከሚያወጣው የሩል ድርጅት ጋር ሆኖ አዲስ ፊደል ነደፈ። በወፍራሙና በቀጭኑ መካከል የነበረውን ልዩነት አለዘበው፤ ተመሳሳይ ፊደላትንም ለዓይን እንዲለዩ አደረጋቸው። «ፍራንክ ሩል» የተባለው ይህ ፊደል በእስራኤል ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት የመጻሕፍትና የጋዜጦች ዋና ፊደል ሆነ። ዛሬም በኮምፒውተር ተዘጋጅቶ መጻሕፍት ይታተሙበታል።

ታዲያ ይህ ለእናንተ ምን ይጠቅማችኋል? በ፣ ቡ፣ ባ ስንል ልዩነቱ ያለው እግሩና ጎኑ ላይ ስለሆነ፣ ዓይናችን እግር መመልከት ለምዷል። በዕብራይስጥ ግን አስቀድማችሁ ጣሪያውንና ማዕዘኑን ተመልከቱ። የዳሌት ጣሪያ በቀኝ በኩል ከእግሩ ወጣ ይላል፤ የሬሽ ማዕዘን ግን ክብ ነው። ቤት ከታች በስተቀኝ ተረከዝ አለው፤ ካፍ የለውም። የሄ ግራ እግር ጣሪያውን አይነካም፤ የሔት ግን ይነካል።

ዛሬ ማታ ልጃችሁ መጽሐፉን ሲገልጥ አጠገቡ ተቀመጡና እነዚህን ስድስት ፊደላት አብራችሁ ፈልጉ። ዕብራይስጥን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲያነቡ የኖሩ ሰዎች እንኳ ፊደሉ እንዲለይላቸው የአንድ ሐዛን ድካም አስፈልጓቸዋል። እናንተም ቀስ ብላችሁ ብታነቡ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ደኅና ሁኑ፤ ሻሎም!