የለገሐር ባቡር ጣቢያና የጎጃም መንገድ

የባቡር ጣቢያ ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ተሳፋሪው ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ የአዲስ አበባን የምድር ባቡር ጣቢያ ሐዲድ ካልደረሰበት ከጎጃም በኩል ሆነን ልንመለከተው አሰብን። ሕዝቡ ጣቢያውን ለገሐር ይለዋል፤ ስሙም ጣቢያ ማለት ከሆነው «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የቈጠርነው በዓመተ ምሕረት ነው።

በመጀመሪያ ከባቡሩ በፊት የነበረውን እናስታውስ። ከከፋ፥ ከጅማና ከሌሎቹ የጊቤ አገሮች የተነሣው ሲራራ ነጋዴ ዓባይን ተሻግሮ፥ ዛሬ ደብረ ማርቆስ ከምትባለው ከመንቆረር አቅራቢያ ወደሚገኘው የባሶ ገበያ ይወጣ ነበር። ቡናው፥ ወርቁ፥ የዝሆን ጥርሱና ዝባዱ፥ በሚያሳዝን ሁኔታም ባሪያው ጭምር፥ ከዚያ ወደ ጎንደር፥ ከጎንደርም ወደ ምጽዋ ይወርዳል። ጨርቁና አሞሌው ደግሞ በዚያው መንገድ ይመለሳል። እንግዲህ ጎጃም ከባሕር ርቆ ቢቀመጥም በባሕር ንግድ መንገድ ላይ ነበረ ማለት ነው።

በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ፈቃዱ መስመሩን ከጅቡቲ ወደ ሐረር፥ ከሐረር ወደ እንጦጦ፥ ከዚያም በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ ያሳያል። ስለ ጎጃም የሚናገር ነገር የለበትም። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ይሁን እንጂ ተራራው ስላስቸገረ ሐዲዱ ሐረርን ትቶ በቈላው አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. የደረሰበትም ስፍራ ድሬዳዋ የምትባል አዲስ ከተማ ሆነ። ከዚህ የምንማረው ሐዲድ ታላቅ ከተማን ትቶ ሊያልፍ፥ ከባዶ ሜዳም ከተማ ሊያበቅል እንደሚችል ነው።

ቀጥሎ ገንዘብ አለቀ፤ ኩባንያውም ከሰረ። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ ስለ ኢትዮጵያ እርስ በርሳቸው ሲዋዋሉ እስከ አዲስ አበባ ያለው ባቡር የፈረንሳይ፥ ከዚያ ወደ ምዕራብ የሚሠራው ግን የእንግሊዝ ድርሻ ይሁን ተባባሉ። እንግሊዝ ከሁሉ በላይ የምታስበው ስለ ዓባይ ውሃ ነበር። አዲስ ኩባንያ በ1900 ዓ.ም. ቆሞ ሥራው ቀጠለና ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የሐዲዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፥ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። ባቡሩ በቀን ብቻ ስለሚጓዝ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ እያደረ በሦስተኛው ቀን ይደርስ ነበር። ዛሬ የሚታየው የለገሐር ሕንጻ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ በኋላ የደቡብ ምዕራቡ ቡና ዓባይን መሻገር አላስፈለገውም፤ ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ በለገሐር ይጫን ጀመር። የባሶን መድከም ለባቡሩ ብቻ መስጠት ልክ አይሆንም፤ የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ሸዋ መዞሩና የባሪያ ንግድ መከልከሉም አስተዋጽኦ አላቸው። ነገር ግን ለአንዱ ባሕሩን ያቀረበው ሐዲድ ከሌላው ንግዱን እንዳራቀበት መካድ አይቻልም።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ባቡር በጅቡቲ በኩል ነው። በጣቢያው ፊት የቆመውንም የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ጠላት ነቅሎ ወደ ሮማ ወሰደው፤ የተመለሰው ከነጻነት በኋላ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ ግን ሐዲድ በሌለበት አገር መጡ። በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው፥ ከጎጃም አርበኞች ጋር በመጋቢት ደብረ ማርቆስ ደረሱ፤ ዓባይንም ተሻግረው በሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ባቡር የረሳው መንገድ ለነጻነት መግቢያ ሆነ።

አሁን አሮጌው ባቡር ከለገሐር አይነሣም። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያውን ከከተማው ዳር አድርጎ ወደዚያው ወደ ጅቡቲ ይሄዳል። ስለዚህ ዛሬ ለገሐር ራሱ፥ እንደ ባሶ፥ መንገዱ የተለየው ስፍራ ሆኗል።

በእኛ አስተያየት የጣቢያ ታሪክ ሕንጻው ከቆመበት ስፍራ ብቻ የሚጻፍ አይደለም። የለገሐር ቢያንስ ሕንጻ አለው፤ የባሶ ሲራራ ነጋዴ ግን የተወልን ሐዲድም ሐውልትም የለም፤ ያለው ከአባት ለልጅ የተላለፈ ቃል ብቻ ነው። ጓደኞቻችን ለዕረፍት ወደየአገራቸው ሲወርዱ ይህን ቃል ከሽማግሌዎች ጠይቀው ቢጽፉ፥ ሳይሳፈር የቀረውም ወገን ታሪኩን ያገኛል።