ሳይታመሙ የሚከፈል የሐኪም ሂሳብ

ቀረብ በሉና ስሙኝ። የዛሬው ወሬ ከወላይታዋ ቢጠና ተነስቶ እንግሊዝ ይደርሳል፤ ሂሳብ ተሸክሞም ይመለሳል። ለባልና ሚስቱ ስም አልሰጣቸውም፤ ከብዙ ቤት አዋጥቼ የሠራኋቸው ሰዎች ናቸው። ሂሳቡ ግን የእውነት ነው። ዓመቱንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።

ባል እንግሊዝ ነው። እንዴት እንደገባ ለሌላ ቀን ይቆየን፤ ብቻ ዛሬ ወረቀት አለው፣ ሥራ አለው፣ በየወሩም ግብር ይቆረጥበታል። ሚስት ከልጃቸው ጋር ቢጠና ናት። የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ሲደርስ የወላይታ ሰው ካለበት ተጠራርቶ አገሩ ይገባል፤ ወንዶቹ ለሥጋ፣ ሴቶቹ ለቅቤ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙት ይወጣል። የኛ ሰውዬ የሚያጠራቅመው ግን ለቪዛ ነው። ልጁ በስልክ «አባ፣ ጊፋታ ደረሰ እኮ» ሲለው፣ «ፕሮሰስ ላይ ነን» ይለዋል።

ፕሮሰሱ መጀመሪያ የጠየቀው ገቢ ነው። ከሚያዝያ 2024 ወዲህ ሚስቱን ለማስመጣት የሚያመለክት ሰው በዓመት 29,000 ፓውንድ ማግኘት አለበት፤ ድሮ 18,600 ነበር። የሌሊት ፈረቃ ጨምሮ ደረሰበት። ሚስትም ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ አዲስ አበባ ሄደች፤ የምርመራው ዋጋ ለብቻው ይከፈላል። የቪዛው ዋጋ በሚያዝያ 2025 በወጣው ታሪፍ ለአንድ ሰው 1,938 ፓውንድ ነው። ይህን ሁሉ አሟላሁ ብሎ ማመልከቻውን ሊልክ ሲል፣ ኮምፒዩተሩ አላሳልፍም አለ። የጤና ክፍያ ይቀርሃል!

ለአዋቂ በዓመት 1,035፣ ለልጅ 776 ፓውንድ። ቪዛው የሚሰጠው ለ33 ወር ነው፤ ሂሳቡ ግን የሦስት ዓመት ሙሉ ነው። ለሚስት 3,105፣ ለልጅ 2,328። ከሁለቱ ቪዛ ጋር ሲደመር 9,309 ፓውንድ። በየወሩ እከፍላለሁ ቢል የሚሰማው የለም፤ አንዴ ነው፣ ያውም ቪዛው ሳይመታ።

ደወለላት።

«ማን ታሞ ነው?» አለችው።

«ማንም አልታመመ።»

«ታዲያ የሐኪም ብር ምን አመጣው?»

«ስትመጡ ብትታመሙ ነው አሉ።»

«አንተ ከደሞዝህ ለሆስፒታላቸው አትከፍልም እንዴ?»

«እከፍላለሁ።»

«እኔስ መጥቼ ሥራ ስይዝ?»

«አንቺም ትከፍያለሽ።»

እዚህ ላይ እኔም ከሷ ጋር ነኝ። ክፍያው በ2015 ሲጀመር 200 ፓውንድ ነበር፤ በ2019 ወደ 400፣ በ2020 ወደ 624 ከፍ አለ፤ በየካቲት 2024 ደግሞ 1,035 ገባ። የመጨረሻውን ጭማሪ በሐምሌ 2023 ያወጁት የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ናቸው፤ ለመንግሥት ሠራተኞች ደሞዝ ማሻሻያ ገንዘብ ሲፈለግ ማለት ነው። እንግዲህ የእንግሊዝ መምህርና ፖሊስ ደሞዝ ሲጨመር፣ የቢጠናው ልጅ አዋጥቷል።

ሰው ሳይታመም ለሕክምና መክፈሉ ለኛ እንግዳ ሆኖ አይደለም። በ2011 ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዱ የኛው ዳሞት ወይዴ ነበር። ጉድለቱን እናውቀዋለን፤ ካርድ ይዞ ሄዶ «መድኃኒቱን ውጭ ግዛ» የተባለ ስንት ሰው አለ! መዋጮው ግን በቤተሰብ ነው፤ የደሃ ደሃ ሲሆን መንግሥት ይሸፍንለታል። የእንግሊዙ በነፍስ ወከፍ ነው፤ አገሩን ገና ካልረገጠ ሰው ላይ የሚሰበሰብ።

በጥገኝነት የገባ ሰው በፊት የተሻለ መንገድ ነበረው። ሚስቱንና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆቹን ያለ ቪዛ ዋጋና ያለ ጤና ክፍያ ያስመጣ ነበር። በመስከረም 2025 መጀመሪያ ላይ አዲስ ማመልከቻ መቀበል ቆመ፤ እሱም እዚሁ ሰልፍ ውስጥ ገባ።

ወደ ሰዎቻችን ልመልሳችሁ። ባል «አንቺ ቅደሚ፣ ልጁ ከአያቱ ጋር ይቆይ» አላት። «ልጄን ትቼ አልመጣም» አለችው። ስለዚህ ይጠብቃሉ። ተሳክቶላት ብትሄድ እንኳ፣ 33 ወሩ ሲያልቅ ለማደሻው 30 ወር እንደገና 2,587 ፓውንድ ከ50 ሳንቲም ለጤና ብቻ ትከፍላለች።

እንደነዚህ ያላችሁ፣ እርሻ ሳትሸጡና ሳትበደሩ በፊት ይህን ስሙኝ። ቪዛው ከተከለከለ የጤናው ገንዘብ ይመለሳል፤ የቪዛው ግን አይመለስም። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ከውጭ የሚያመለክቱ የቤተሰብ አባላት የመክፈል አቅም እንደሌላቸው በማስረጃ ካሳዩ፣ ከቪዛውም ከጤናውም ክፍያ ነፃ እንዲደረጉ መጠየቅ ይችላሉ። የአመልካቹም የአስመጪውም ኪስ ስለሚታይ ለሁሉ አይፈቀድም፤ መጠየቁ ግን በነፃ ነው። ጠይቁ፤ ለዚህ ደላላ አያስፈልግም።