የጆሃንስበርግ የሣር ምድርና የሴቶች ጉዞ

ጆሃንስበርግ ዛሬ በዛፍ የተሸፈነች ብትሆንም የቀድሞ መሬቷ ሣር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 ወርቅ ከመገኘቱ በፊት፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጠው በዚህ ደጋ ላይ ዛፍ የሚታየው በየወንዙ ዳርና በየቋጥኙ ሥር ነበር። ጃካራንዳውም ባሕር ዛፉም ኋላ የመጡ እንግዶች ናቸው፤ እንደኛው ማለት ነው።

ከዚያ ምድር ከተረፉት ቦታዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1959 በጥብቅ ሥፍራነት የታወጀው ሜልቪል ኮፒስ ነው። በ1963 ፕሮፌሰር ሬቪል ሜሰን እዚያ ባደረጉት ቁፋሮ ጥንታዊ የብረት ማቅለጫ ምድጃ ተገኝቷል። ነጮች ሲመጡ አገሩ ባዶ ነበር ይባል የነበረውን ወሬ ይህ ምድጃ ብቻውን ያፈርሰዋል።

በአስጐብኚ እየተመሩ በዚህ ሣር መሀል መሄድ ዛሬ ቀላል ነገር ይመስላል። በአፓርታይድ ዘመን ግን አንዲት ጥቁር ሴት ያለ ፈቃድ ከ72 ሰዓት በላይ በከተማው መቆየት አትችልም ነበር። የይለፍ ወረቀት በሴቶችም ላይ ሊጫን ሲል፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1956 ወደ 20,000 የሚጠጉ ሴቶች ፕሪቶሪያ ወደሚገኘው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄደው አቤቱታቸውን አስገቡ፤ ለግማሽ ሰዓትም ዝም ብለው ቆሙ። ሕጉ የተሻረው ግን ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1986 ነው። ከሰልፉ መሪዎች አንዷ ራሂማ ሙሳ ነበሩ። እኛ እስከ ዛሬ «ጄፒ» የምንለው፣ እኅቶቻችን ከጧት እስከ ማታ ሱቅ የሚውሉበት መንገድ ከ2014 ጀምሮ በስማቸው ይጠራል። ስንቶቻችን ይህን እናውቃለን?

ወደ ሣሩ እንመለስ። በሰኔና በሐምሌ ውርጭ ያደርቀዋል፤ እሳትም ያልፍበታል። ሥሩ ግን ከመሬት በታች ደኅና ነው። አገር ቤት አደይ በሚፈነዳበት በመስከረም፣ እዚህ ደግሞ ዝናቡ ሳይጥል ከተቃጠለው መሬት ውስጥ አበባ ብቅ ይላል። ለጣራ ክዳን የምንጠቀምበት የሰንበሌጥ ዘመድም ሞልቶአል። አስጐብኚዎች የሣሩን ስም በላቲንና በአፍሪካንስ ይነግሩናል፤ እናቶቻችን ደግሞ ክረምት ሲወጣ ስንደዶና አክርማ ለቅመው፣ ቀለም ነክረው ሰፌድና መሶብ የሰፉ ስለሆኑ በእጃቸው ዳብሰው ይለዩታል። በዚህ ረገድ ማን ማንን እንደሚያስጐበኝ አንዳንዴ ግራ ይገባናል።

በጥብቅ ሥፍራው ሣር መንቀል ክልክል ነው። ይህን የሰሙ አንዲት እናታችን፣ ለመሶብ ይሆናል ብለው የያዙትን ዘለላ ለቀቁና፣ «እንግዲያውስ ልየው» ብለው ከድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። እኛም አብረናቸው ተቀመጥን።