ሥዕልና ስሙ፤ በደምበልና በካዛንቺስ አካባቢ የፎቶግራፍ ስብስብን ስለ ማደራጀት

የጥንቱ የአገራችን ሠዓሊ ሥዕሉን ያለ ጽሕፈት አይተወውም ነበር። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳም ሆነ በብራና መጽሐፍ ውስጥ ከቅዱሱ ራስ አጠገብ ስሙን፣ ከታሪኩም ዘንድ «ዘከመ» ብሎ የሚዠምር አጭር ቃል ይጽፋል። ሥዕሉን ያሠራው ሰው በግርጌ ተሥሎ ሲገኝም አብዛኛውን ጊዜ ስሙ አብሮት ይነበባል። ይህም ሥዕል ያለ ስም ምስክርነቱ ጎደሎ መሆኑን አበው ማወቃቸውን ያስረዳል። ዛሬ በኮምፒዩተርና በስልክ ለተከማቸው ፎቶግራፍ «ታግ» እየተባለ የሚሰጠው መለያ ቃል፣ መሣሪያው አዲስ ቢሆንም፣ ተግባሩ ይኸው ነው።

ፎቶግራፍ ብርቅ በነበረበት ዘመን ማደራጀቱ ብዙ አላስቸገረም። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ከመሐንዲሶቹ ጋራ ፎቶግራፍ አንሺዎችን አስከትሎ ነበር፤ በኋላም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሱም ቀጥለው ልጆቹ ሐይጋዝና ቶኒ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ሆኑ። በየቤቱ ያለው ጥቂት ሥዕል በመስተዋት ተከፍፎ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፣ ለወዳጅ የሚሰጠውም በጀርባው «ለማስታወሻ» ተብሎ ስምና ቀን ይጻፍበት ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ዤራር እ.ኤ.አ. በ1996 በመጽሐፍ ያሳተሟቸውን የመሰሉ ጥንታውያን ፎቶግራፎች የታሪክ ማስረጃ ሊሆኑ የሚችሉት፣ ማን፣ መቼና የት ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ በተገኘ መጠን ነው። በዛሬው ጊዜ ግን የአንድ ቀን ሠርግ ብቻ በመቶ የሚቈጠር ሥዕል ያስገኛል፤ የዲጂታል ሥዕልም የሚጻፍበት ጀርባ የለውም።

ይህ ጉዳይ ከአዲስ አበባ ሰፈሮች ሁሉ ይልቅ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ጐልቶ ይታያል። በመጀመሪያ የቦታውን ስም እንመልከት። «ደምበል» ብሎ የጻፈ ሰው በቦሌ መንገድ ላይ የቆመውን የንግድ ሕንፃና አካባቢውን ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ዝዋይ የሚባለውን ሐይቅም ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ሐይቁ በሁለቱም ስም ይጠራልና። በቅርብ ያለው መስቀል አደባባይ በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ይባል ነበር። ካዛንቺስም ስሙን ያገኘው በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራውን ድርጅት «ኢንቺስ» ብለው በመጥራታቸው ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ» የተባሉት ቤቶች በሕዝቡ አፍ ካዛንቺስ ሆኑ። እንግዲህ ከእነዚህ ስሞች አንዱን ብቻ መርጦ ሌላውን መተው የታሪክን አንድ ገጽ እንደ መቅደድ ነው። ሥዕሉ በተነሣበት ጊዜ ይሠራበት የነበረውን ስም ከዛሬው ጋራ አብሮ መጻፍ ይገባል።

ከስሙ ይልቅ የሚያሳስተው ዘመኑ ነው። ካሜራና ስልክ በእያንዳንዱ ሥዕል ውስጥ ቀንና ሰዓት ይመዘግባሉ፤ ነገር ግን ዓመቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ እኛ ከጧቱ አንድ ሰዓት የምንለውንም ሰባት ብለው ይጽፉታል። ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ምክንያት በሰፊው የፈረሰውና ብዙ ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር የተዛወሩት በ2017 ዓ.ም. ነው። ካሜራው 2017 ብሎ የሚጽፈው ዘመን ግን ከታኅሣሥ 2009 እስከ ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ያለው ነው፤ ያን ጊዜ ቤቶቹ ቆመው፣ ጎረቤትም ከጎረቤቱ ጋራ ቡና ይጠጣ ነበር። አንዱ ልጅ ዓመቱን በአገሩ አቈጣጠር፣ ሌላው በካሜራው ተከትሎ «ካዛንቺስ 2017» በሚል አንድ ማኅደር ቢያከማቹ፣ የቆመው ሰፈርና የፈረሰው ሰፈር ተቀላቅለው ይገኛሉ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለሚመጣው መርማሪ ይህ ቀላል ስሕተት አይሆንም።

ሦስተኛው ችግር የፊደላችን ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ቦታውን ካገኘ ወዲህ መለያውን በአማርኛ መጻፍ ተችሏል። ሆኖም ለኮምፒዩተር «ሠርግ»ና «ሰርግ» ሁለት ልዩ ቃላት ናቸው፤ አንድ ናቸው ብሎ ያስተማረው ከሌለ በአንዱ የፈለገ ሰው በሌላው የተጻፈውን አያገኝም። ቂርቆስና ጨርቆስም እንዲሁ። ስለዚህ ስብስቡ ገና ትንሽ ሳለ የቃላት መዝገብ አዘጋጅቶ፣ ለእያንዳንዱ ነገር አንድ አጻጻፍ ወስኖ በዚያው መጽናት ያስፈልጋል።

አሠራሩን በአጭሩ እንዲህ ማድረግ ይቻላል። አስቀድሞ ለእያንዳንዱ ሥዕል የማይለወጥ ተራ ቍጥር ይሰጠዋል። ሥዕሉ የሚቀመጠው በአንድ ማኅደር ነው፤ መለያ ቃሉ ግን ብዙ ሊሆን ስለሚችል ቦታው፣ ዘመኑ ከነአቈጣጠሩ፣ ሰዎቹ ከነአባታቸው ስም፣ የነገሩም ዓይነት በየራሱ ይጻፋል። «አዲስ ሕንፃ» የመሰለ ቃል ግን አይጻፍ፤ አዲሱ ማርጀቱ አይቀርምና። ከሁሉም በላይ ነገሩን የተናገረው ማን እንደ ሆነ ይመዝገብ፤ የሰማነውን ካየነው የሚለየው ይህ ነው። የሰው ስም ለሕዝብ ከመገለጡ በፊትም ባለቤቱን ወይም ቤተ ሰቡን ማስፈቀድ ይገባል።

ዛሬ ፊትን ከፊት እያስተያየ የሚለይ መሣሪያ ተገኝቷል፤ ሥራውንም ያቃልላል። ነገር ግን በግቢ ውስጥ የተተከለ የእድር ድንኳን ከውጭ የተነሣ እንደ ሆነ ለሠርግ ይሁን ለለቅሶ መሣሪያው አይነግረንም፤ የሚያውቁት በዚያ የተቀመጡት ናቸው። የካዛንቺስ ሰዎች ደግሞ በየአቅጣጫው ተበትነዋል፤ እድራቸውም እንደ ቀድሞው በአንድ ቦታ አይሰበሰብም። ሥዕሉን በብዙ ቅጂ ማቆየት ይቻላል፤ የሥዕሉን ስም የሚያውቁት አረጋውያን ግን ቅጂ የላቸውም። ስለዚህ የሥራው መጀመሪያ በኮምፒዩተር ፊት መቀመጥ ሳይሆን፣ ሥዕሉን ይዞ ወደ እነርሱ ቤት መሄድና «ይህ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው።