ለመንገድ የያዝነው ቋንቋ
ስዋሂሊና እኛ በናይሮቢ



በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ስለ ማኅበራችን አመሠራረት፣ ስለ ዕድሩና ስለ በዓላቱ ሌሎች ጽፈዋል። እኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይነሣውን አንድ ጉዳይ ልናነሣ ወደድን። ይኸውም ወደዚህ አገር ስንመጣ የትኛውን ቋንቋ ለመማር እንደመረጥን፣ ለምን እንደመረጥንና ከጀመርነው ውስጥ የትኛውን እንደዘለቅንበት ነው። ነገሩ የትምህርት ቤት ወሬ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በብዙ ቤቶች ውስጥ ያስከተለውን ስናስታውስ ከታሪካችን ዋና ዋና ምዕራፎች አንዱ ሆኖ እናገኘዋለን። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዝኛ ወይስ ስዋሂሊ?

እንደሚታወቀው ከ1974ቱ አብዮት በኋላ፣ በኋላም በ1991 ከተደረገው የመንግሥት ለውጥ ወዲህ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ኬንያ ገብተዋል። ከፊሎቻችን በሞያሌ በኩል በጭነት መኪና ላይ አቧራ እየቃምን መጣን። ከፊሎቻችን በ1992 በተቋቋመው የካኩማ መጠለያ አልፈን ናይሮቢ ደረስን። ብዙዎቻችንም ኢስሊ ሠፈር ቤት ተከራየን። ኢስሊ ደግሞ ሶማልኛው፣ ኦሮምኛውና አማርኛው በአንድ መንገድ ላይ የሚሰማበት ሠፈር ነው። እንጀራው፣ በርበሬው፣ ቡናው በአማርኛ ይገዛል። ስለዚህ አንድ ቃል ስዋሂሊ ሳይናገሩ ወር ቀርቶ ዓመት መኖር ይቻል ነበር።

በዚያን ጊዜ «ቋንቋ ተማር» ማለት «እንግሊዝኛ ተማር» ማለት ነበር። ዐይናችን ያለው አሜሪካ፣ ካናዳና አውስትራሊያ ላይ ነበርና። «ኬዜ ሊያልቅ ነው፤ ስዋሂሊ ምን ያደርግልኛል?» ያላለ ከመካከላችን ጥቂት ነው። እንግሊዝኛን መምረጣችን ስሕተት ነበር ለማለት አይደለም። እንግሊዝኛ የዚህ አገር የሥራና የትምህርት ቋንቋም ነው። ስሕተታችን ስዋሂሊን እንደ አላፊ ነገር መቁጠራችን ነው። ሻንጣውን ሳይፈታ የሚኖር ሰው የጎረቤቱን ቋንቋ አይማርም። ለስድስት ወር ብለን የመጣን ሰዎች ስድስት ዓመት፣ ዐሥር ዓመት፣ አንዳንዶቻችንም ከዚያ በላይ ተቀመጥን። እንግሊዝኛውም ቢሆን በየቀኑ የምናወራበት ሰው ስላላገኘን ለብዙዎቻችን ከደብተር ሳይወጣ ቀረ።

ከእኛ በፊት የመጣው እንግዳ

ከአገራችን ተነሥቶ ወደዚህ ምድር በመምጣት ስዋሂሊን «ለመንገድ» የተማረ ሰው ከእኛ በፊትም ነበር። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የተባለ ጀርመናዊ ሚስዮናዊ በ1839 ሸዋ ገብቶ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ተቀመጠ። ግዕዝና አማርኛ ተምሮ ነበር፤ ኦሮምኛንም ማጥናት ጀመረ። በ1842 ከሸዋ ወጥቶ ለመመለስ ሲሞክር መንገዱ ተዘጋበት። በዚህ ጊዜ በባሕር ዞሮ፣ በደቡብ በኩል ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት አሰበና በ1844 ሞምባሳ ደረሰ። ለእርሱ ሞምባሳ መሸጋገሪያ እንጂ መድረሻ አልነበረችም።

በዚያው ዓመት ሚስቱና አራስ ልጁ ሞቱበት። እርሱም በንዳድ ይሠቃይ ነበር። ያም ሆኖ በዚያው የመከራ ዓመት ኦሪት ዘፍጥረትን ወደ ስዋሂሊ መተርጎም ጀመረ። በ1850 የስዋሂሊ ሰዋስው አሳተመ። ትልቁ መዝገበ ቃላቱ ደግሞ እርሱ ካረፈ በኋላ በ1882 ለንደን ላይ ታተመ። የሚስዮናዊነቱን ዓላማ መመዘን የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ለእኛ የሚጠቅመን አንድ ነገር ነው። ሰውየው ያሰበው መንገድ አልተከፈተለትም፤ በመጠበቂያው ቦታ የተማረው ቋንቋ ግን የዕድሜ ልክ ሥራው ሆነ።

ቋንቋው ከወዴት መጣ?

«ስዋሂሊ» የሚለው ስም የባሕር ጠረፎች የሚል ትርጉም ካለው የዐረብኛ ቃል የተገኘ ነው። ቋንቋው ግን በመሠረቱ የባንቱ ቋንቋ ነው፤ ከዐረብኛ ብዙ ቃላት ወስዷል። ከላቲን ፊደል በፊት በዐረብኛ ፊደል ይጻፍ ነበር። «ኡተንዲ ዋ ታምቡካ» የተባለው ረጅም ግጥም በእጅ ጽሑፍ የተገለበጠው በ1728 ነው። በእንግሊዞች ዘመን፣ በ1930 ለምሥራቅ አፍሪካ ግዛቶች አንድ የቋንቋ ኮሚቴ ተቋቋመ። ለመደበኛው ስዋሂሊ መሠረት የሆነውም የሞምባሳው ሳይሆን የዛንዚባሩ አነጋገር ነው። ኬንያ በ1963 ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በ1974 ስዋሂሊ ወደ ፓርላማ ገባ። በ1985 በተጀመረው የትምህርት ሥርዓት ሁሉም ተማሪ የሚፈተንበት ትምህርት ሆነ። በ2010ሩ ሕገ መንግሥት ደግሞ ብሔራዊ ቋንቋነቱ ጸንቶ፣ ከእንግሊዝኛ ጋር እኩል የመንግሥት ሥራ ቋንቋ ሆነ።

ይህን ቋንቋ ባዕድ ነው ብለን የሸሸን እኛ፣ ቀርበን ስናየው ዘመድ ሆኖ አገኘነው። ሰዓት አቆጣጠሩን እንውሰድ። በስዋሂሊ «ሳ ሞጃ አሱቡሂ» ማለት ልክ እንደ እኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ማለት ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ፀሐይ ስትወጣ ነውና። «ሳ» ራሱ የ«ሰዓት» ዘመድ ነው። ገበያ ወጥቶ ዋጋ ለሚጠይቅ ደግሞ ቁጥሩ ግማሹን መንገድ ያግዘዋል። ሠላሳ «ሰላሲኒ»፣ አርባ «አሮባይኒ»፣ ሃምሳ «ሃምሲኒ»፣ ሰባ «ሳቢኒ»፣ ሰማንያ «ሰማኒኒ» ነው። ሒሳብ «ሄሳቡ»፣ ስኳር «ሱካሪ»፣ ሳሙና «ሳቡኒ»፣ ደም «ዳሙ» ይባላል። «እወድሃለሁ» ስንል አድራጊውንም ተደራጊውንም በአንድ ቃል ውስጥ እንደምናስገባ፣ እነርሱም «ኒናኩፔንዳ» ብለው በአንድ ቃል ይጨርሱታል።

ይሁን እንጂ ዘመድ መሳይ ቃል ሁሉ ዘመድ አይደለም። «ቻይ ሞቶ» ትኩስ ሻይ ማለት ነው፤ የሞተ ነገር የለበትም። ታላቅ ወንድም «ካካ» ይባላል፤ ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ የሳቁትን ሳቅ እስከ ዛሬ አንረሳውም። «ኤልፉ» ሺህ ነው፤ የእኛ «እልፍ» ግን ዐሥር ሺህ። ከሁሉም በላይ ዋጋ ያስከፈለን ግን «ባዶ» የሚለው ቃል ነው።

«ባዶ»

ከአባሎቻችን አንዷ የታመመ ሕፃን ልጇን ይዛ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄደች። ደም ተሰጠ፤ ውጤት ተጠብቆ መስኮቱ ላይ ጠየቀች። ሠራተኛዋ «ባዶ» አለቻት። በስዋሂሊ «ገና ነው፣ አልደረሰም» ማለት ነው። እናት ግን በአማርኛ ሰማችው። ምንም የለም፣ ምንም አልተገኘበትም ማለት መሰላት። ደስ ብሏት ልጇን አዝላ ቤቷ ገባች። ውጤቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደርሶ የሚወስደው አጣ። ሕፃኑ በሦስተኛው ቀን ሲብስበት ተመልሳ ሄደች፤ መድኃኒቱም ያን ጊዜ ተሰጠው። ልጁ ተርፎ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል። እናቱ ግን ያንን ቃል እስከ ዛሬ በዋዛ አትሰማውም።

ከዚያ ወዲህ እናቶች ሐኪም ቤት ሲሄዱ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት እያስቀሩ አስተርጓሚ ማድረግ ጀመሩ። ልጆቹ በመንገድና በክፍል ውስጥ በጥቂት ወራት ስዋሂሊውን አቀላጥፈውት ነበርና። መፍትሔ መስሎን ነበር። አንድ ቀን ግን የዐሥር ዓመት ልጅ የእናቷን ከባድ ሕመም ከእናቷ ቀድማ ሰማች። ሐኪሙ ተናግሮ ሲጨርስ ልጅቷ ዝም አለች። እናቷ «ምን አለ?» ስትላት «ደኅና ነሽ ይላል» አለቻት። እውነቱ የታወቀው ከሳምንት በኋላ ነው። ይህን የሰማን ሁሉ አንገታችንን ደፋን። የማኅበራችን የስዋሂሊ ትምህርት የተጀመረው በዚህ ምክንያት ነው።

እነማን ዘለቁ?

ትምህርቱ የሚሰጠው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ያስተማሩንም ጡረታ የወጡ ኬንያዊት መምህርት ናቸው። በመጀመሪያው ቀን መቀመጫ ጠፍቶ ብዙዎቻችን ቆመን ተማርን። በሦስተኛው ወር ግን የቀሩት አምስት እናቶችና አንድ ጠና ያሉ አባት ብቻ ነበሩ። የሚገርመው፣ ቀድመው የቀሩት በአገራቸው ብዙ የተማሩት ናቸው። ነጠላውና ብዙው፣ «ምቱ» «ዋቱ»፣ «ኪታቡ» «ቪታቡ» እየተባለ የስሙ ራስ ሲለዋወጥ፣ እንሳሳታለን ብለው ፈሩ። ደብተራቸው ንጹሕ ነበር፤ አፋቸው ግን አልተፈታም።

አምስቱ እናቶች እንጀራና ቅመም ይሸጡ ነበር። ቅዳሜ የተማሩትን ሰኞ ገበያ ላይ ይሞክሩታል። ቢሳሳቱ ገዢው ይስቃል፣ ያርማቸዋል፣ ይገዛቸዋል። አባታችን ደግሞ የሚሸጡት ነገር አልነበራቸውም። ምን እንዳቆያቸው ስንጠይቃቸው፣ «ጎረቤቴ ሽማግሌ ናቸው። ማታ ማታ እኔም ወንበር አወጣለሁ፣ እሳቸውም ያወጣሉ። ተያይተን ዝም ከምንል ብዬ ነው» አሉን። መጀመሪያ የተማሩት «ሺካሞ» የሚለውን ለታላቅ የሚቀርብ ሰላምታ ነው። እግርዎን ልያዝ ማለት ነው ይባላል፤ የእኛን ጉልበት መሳም ያስታውሳል። ጎረቤታቸውም በደስታ «ማራሃባ» ብለው መለሱላቸው። ከዚያ ወዲያ መምህሩ ጎረቤታቸው ሆኑ።

ከእነዚህ ስድስት ሰዎች የተማርነው ይህ ነው። ቋንቋ ስንመርጥ «የትኛው ይከበራል?» ብቻ ሳይሆን «በዚህ ሳምንት ከማን ጋር አወራበታለሁ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። የሚያናግረን ሰው ያለበት ቋንቋ ራሱ ይጎትተናል፤ የሌለበት ግን ብርታታችንን ጨርሶ ይጥለናል። ሁለተኛው፣ ትንሽ ነገር ይዞ መጀመር ነው። ማታቱ ውስጥ «ሹኪሻ» ብሎ ያለ አስተርጓሚ የወረደ ሰው፣ የዚያን ዕለት አንድ ሙሉ ትምህርት ተምሯል። ሦስተኛው ከልጆች መማር ነው። ልጅ ወላጁን ሲያርም «ዝም በል» ከማለት «አመሰግናለሁ፣ ድገምልኝ» ማለት ለሁለቱም ክብር ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች «ሀባ ና ሀባ ሁጃዛ ኪባባ» ይላሉ፤ ጥቂት በጥቂት ሲጠራቀም ስፍሩን ይሞላል ማለት ነው። እኛ ደግሞ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን። ለችኩልም «ሀራካ ሀራካ ሀይና ባራካ»፣ ችኮላ በረከት የለውም ይላሉ፤ የእኛዎቹ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚሉት ነው።

ዛሬና ነገ

በ2004 የሞዛምቢኩ ፕሬዚዳንት ጆአኪም ቺሳኖ አዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ላይ በስዋሂሊ ንግግር አድርገው ብዙዎችን አስደንቀው ነበር። በ2021 ዩኔስኮ ጁላይ 7ን የዓለም የስዋሂሊ ቋንቋ ቀን አደረገው። በየካቲት 2022 ደግሞ ኅብረቱ እዚያው አዲስ አበባ ላይ ስዋሂሊን የሥራ ቋንቋው አድርጎ ተቀበለ። ለመንገድ ብለን የያዝነው ቋንቋ ከብዙዎቻችን ቀድሞ አገራችን ገባ ማለት ነው። ኬዛቸው አልቆ ባሕር የተሻገሩት ልጆቻችንም ስልክ ሲደውሉ «ሀባሪ ያኮ፣ ማማ?» ብለው ነው የሚጀምሩት። አላፊ ያልነው ነገር አብሯቸው ሄዷል።

ዛሬ ደግሞ ጭንቀታችን ተገላብጧል። ልጆቻችን ስዋሂሊውንና እንግሊዝኛውን ችለው አማርኛው እየከበዳቸው ነው። ፊደል በግድ ስናስቆጥራቸው የቅዳሜውን ክፍል እናስታውስ። አማርኛም ቢሆን የሚያናግራቸው ሰው ይፈልጋል። ለአያት የሚደወል ስልክ፣ ቡና ሲፈላ የሚወራ ጨዋታ፣ ስሕተት ሲሰማ የማይቆጣ ወላጅ ይፈልጋል።

የማኅበራችን የስዋሂሊ ክፍል ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍት ነው። ከጎኑም የልጆች አማርኛ አለ። ሻንጣችሁን ያልፈታችሁ ካላችሁ፣ ኑና አብረን እንማር። ያቺ «ደኅና ነሽ ይላል» ያለችው ልጅ ዛሬ አዋቂ ሆና ለአዲስ መጤ እናቶች በፈቃደኝነት ታስተረጉማለች። የእርሷ ምኞት ግን አስተርጓሚ የማያስፈልጋቸው እናቶች እንዲበዙ ነው። የእኛም ምኞት ይኸው ነው።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል! ካሪቡኒ!