የሹራብ ሥራ ትምህርት ታሪክ፤ ከእጅ ወደ መጽሐፍ፣ ከመጽሐፍ ወደ ቪዲዮ

ሰው ሁሉ ልብስ ይለብሳል፤ የለበሰው ልብስ እንዴት እንደ ተሠራ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኛም የእጅ ሥራ ክበብ አባሎች እስካለፈው ዓመት ድረስ ከማይጠይቁት ወገን ነበርን። የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በተቃረበ ጊዜ ግን፣ በብርድ ማለዳ ተነሥተው በሩን ለሚከፍቱልን ለዘበኛችን ለአባባ አንድ ሹራብ በእጃችን ሠርተን ለመስጠት ቈረጥን። ከመካከላችን ሹራብ መሥራት የሚያውቅ አንድም ሰው ስላልነበረ በቪዲዮ የሚሰጠውን ትምህርት አስተማሪያችን አደረግነው። ሥራው ሦስት ጊዜ ተበላሸብን። ለምን እንደ ተበላሸ ስንመረምር፣ ምክንያቱ የእኛ አለማስተዋል ብቻ ሳይሆን ይህ ጥበብ ከትውልድ ወደ ትውልድ ከተላለፈበት መንገድ ጭምር የመጣ ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ ታሪኩን በአጭሩ ለአንባቢዎች ለማቅረብ ወደድን። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመጀመሪያ ሹራብና ሸማ የሚለዩበትን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ሸማኔ ድርና ማግ አለው፤ ድሩ በቁመት ተወጥሮ ይዘረጋል፤ ማጉም በመወርወሪያ እየተመላለሰ በአግድም ያልፋል። በእጅ በሚሠራ ሹራብ ግን ድርም ማግም የለም። አንድ ክር ብቻ በመርፌ እየተመራ ቀለበት ይሆናል፤ በዚያ ቀለበት ውስጥ ሌላ ቀለበት ይሳባል፤ በሁለተኛውም ውስጥ ሦስተኛው ይገባል። ሹራብ ሲስቡት የሚለጠጠው፣ ሲለቁትም ተመልሶ የሚሰበሰበው ስለዚህ ነው። ነገር ግን አንዱ ቀለበት ከመርፌው ካመለጠ ከሥሩ ያሉት እንደ መሰላል እየተፈቱ ይወርዳሉ። እንግዲህ የሹራብ ጥቅሙም ጉዳቱም የሚመነጨው ከአንድ ክር የተሠራ ከመሆኑ ነው።

የዚህ ጥበብ ጥንታዊ ምስክሮች የተገኙት በጎረቤታችን በግብፅ ነው። በ3ኛውና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተሠሩ የሱፍ ካልሲዎች ከግብፅ አሸዋ ወጥተው ዛሬ በለንደን ቤተ መዘክሮች ተቀምጠዋል። ነጠላ ጫማ ለማድረግ እንዲመቹ አውራ ጣታቸው ለብቻው ተለይቷል። ላያቸው ሹራብ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የተሠሩት በአንድ ባለ ዐይን መርፌ ቁራጭ ክር እያስገቡ በመስፋት ስለ ሆነ ሊቃውንት ከሹራብ ወገን አይቈጥሯቸውም። ከሁለት ባላነሰ መርፌ ከተሠሩት እውነተኛ ሹራቦች ጥንታውያን የሚባሉት፣ ከ11ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተሠሩና በዚያው በግብፅ የተገኙ ነጭና ሰማያዊ የጥጥ ካልሲዎች ናቸው። በግብፅ አረብኛ «ሸራብ» ማለት ካልሲ ነው። በእኛም አገር ካልሲ «የእግር ሹራብ» እንደሚባል ያስታወሰ ሰው ሁለቱ ቃላት ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ ጥበቡ በአውሮፓ ይታያል። በስፔን አገር በቡርጎስ ከተማ አጠገብ ባለው በላስ ኡኤልጋስ ገዳም፣ በ1275 በሞተው በልዑል ፈርናንዶ ዴ ላ ሴርዳ መቃብር ውስጥ በሹራብ ሥራ የተሠሩ የትራስ ልብሶች ተገኝተዋል። በ1400 ገደማም ጀርመናዊው ሠዓሊ ቤርትራም እመቤታችን ለልጅዋ እጀ ጠባብ በአራት መርፌ ስትሠራ ሥሎአታል፤ ሥዕሉ ዛሬ በሐምቡርግ ይገኛል። በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ደግሞ መልአኩ ገብርኤል ሲያበሥራት እመቤታችን እንዝርት ይዛ ስትፈትል እናያለን። በሁለቱም አገር ያሉት ሠዓሊዎች፣ እናቶቻቸው በየቤቱ ይሠሩት የነበረውን ሥራ በእመቤታችን እጅ ላይ እንዳኖሩት ይታሰበናል።

እነዚህን ሁሉ የሠሩ እጆች ግን ጣት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚያስረዳ ጽሑፍ አልተዉልንም። ትምህርቱ በዐይንና በእጅ ብቻ ነበር። በእኛ አገር ልጅቱ ከእናትዋ ጎን ተቀምጣ ፈትል እንደምትማር፣ በዚያም ተማሪው ከአስተማሪው ጎን ተቀምጦ ያያል፤ እርሱም ይሞክራል፤ ሲሳሳት አስተማሪው እጁን ይይዘዋል። በዚህ ትምህርት ውስጥ ሁለት ዐይኖች አሉ፤ ተማሪው አስተማሪውን ያያል፣ አስተማሪውም ተማሪውን ያያል። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

በ1589 እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ ካልሲ የሚሠራ መኪና ፈለሰፈ። ንግሥት ኤልሳቤጥ በእጅ ሥራ የሚኖሩት ድሆች እንጀራቸውን እንዳያጡ ብላ መብቱን ከለከለችው ይባላል። በእንግሊዝኛ ቋንቋ የታተመ የመጀመሪያው የሹራብ አሠራር መመሪያ የወጣው ግን በ1655 ነው። እንግዲህ መኪናው ቀለበት መሥራትን ከተማረ ከ66 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው! የእጅን እንቅስቃሴ በብረት ከመግለጽ ይልቅ በቃል መግለጽ ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ ለመረዳት ይቻላል። በ1840 ደግሞ ጄን ጎጌን የምትባል የኤድንብራ ሴት፣ እያንዳንዱን የሥራ ዐይነት በፊደል ምልክት አሳጥራ የጻፈችበትን መጽሐፍ አሳተመች። ከዚያ ወዲህ የሹራብ መጽሐፍ ሁሉ እንደ ሒሳብ ቀመር በምልክት የተሞላ ሆነ። ቢሆንም መጽሐፍ የሚነግረን ምን እንደሚሠራ ነው፤ ጣታችን በየት በኩል ማለፍ እንዳለበት ሲነግረን ያዳግተዋል።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ከደከሙት ሰዎች አንዷ በ1910 በእንግሊዝ አገር ተወልዳ በአሜሪካ የኖረችው ኤልሳቤጥ ዚመርማን ናት። በ1960ዎቹ በዊስኮንሲን ቴሌቪዥን ሹራብ አስተማረች፤ በ1971ም ስሙ «ያለ እንባ ሹራብ መሥራት» ተብሎ ሊተረጐም የሚችል መጽሐፍ አወጣች። በእርስዋ ትምህርት ዋናው ነገር ተማሪው ትእዛዝ ብቻ ተከትሎ እንዳይሄድ፣ የገዛ ሥራውን ለክቶ በራሱ አእምሮ እንዲያሰላ ማድረግ ነበር። እስከ 1999 ድረስ በሕይወት ቈይታለች። ይሁን እንጂ የቴሌቪዥን ትምህርት በሰዓቱ መጥቶ በሰዓቱ ያልፋል፤ ያመለጠውን ተማሪ አይጠብቅም። በ2005 ሚያዝያ ወር ውስጥ የመጀመሪያው ቪዲዮ በዩቲዩብ ላይ ከወጣ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። የሌላ አገር ሴት እጅ በእኛ ስልክ ላይ ይታያል፤ ቁሚ ስንላት ትቆማለች፣ ድገሚ ስንላት ሳትሰለች መቶ ጊዜ ትደግማለች። ከመጽሐፍ ዘመን በፊት የነበረው በዐይን የመማር መንገድ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ነገር ግን ከሁለቱ ዐይኖች የተመለሰው አንዱ ብቻ ነው። እኛ አስተማሪዋን እናያለን፤ እርስዋ ግን እኛን አታየንም። ሦስቱም ስሕተቶቻችን የገቡት በዚህ ቀዳዳ ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት የቁጥር ነበር። በ30 ቀለበት የጀመርነው መለማመጃ ከጥቂት ረድፍ በኋላ 37 ሆኖ ጎኑ እንደ ድንኳን ሰፋ። ቪዲዮውን ደጋግመን ብናይ አስተማሪዋ የምታደርገውን ሁሉ የምናደርግ መሰለን። በመጨረሻ ከመካከላችን አንዱ የገዛ እጃችንን በስልክ ቀርጾ፣ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሶ ከአስተማሪዋ እጅ ጋር አስተያየው። ረድፍ በምንጀምርበት ጊዜ ክሩን ወደ ላይ ስበን በመርፌው ላይ ወደ ኋላ እንጥለው ነበር፤ በዚህ ጊዜ የፊተኛው ቀለበት ሁለት እግሩ ተነሥቶ ሁለት ቀለበት ይመስላል፤ እኛም እንደ ሁለት ቈጥረን እንሠራዋለን። ከዚያ ወዲህ ክሩን ከመርፌው በታች ማድረግን፣ በየረድፉም መጨረሻ መቍጠርን ልማድ አደረግን።

ሁለተኛው ስሕተት ከሁለት አስተማሪዎች የመጣ ነው። ሥራችን ደረቅ ሆነ፤ እያንዳንዱም ቀለበት እንደ ተጠመዘዘ ገመድ አንገቱ ላይ ተቆላለፈ። ምርመራችን ወደ ታሪክ መራን። ሹራብ በየአገሩ የተለያየ የእጅ ልማድ አለው። በእንግሊዝ አገር ክሩ በቀኝ እጅ ይያዛል፤ በጀርመን በግራ እጅ፤ በፖርቱጋልና በፔሩ ተራሮች ደግሞ በአንገት ዙሪያ ያልፋል። ክሩ መርፌውን የሚዞርበት አቅጣጫም አንድ አይደለም፤ አቅጣጫው ሲለወጥ ቀለበቱ በመርፌው ላይ የሚቀመጥበት እግር ይለወጣል። በአንዱ ልማድ መርፌ የሚገባው በፊተኛው እግር፣ በሌላው በኋለኛው እግር ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኛ ግን የክሩን አዟዟር ከአንዲቱ፣ የመርፌውን አገባብ ከሌላይቱ ተማርን። ሁለት እውነት ያለ ዕውቀት ሲደባለቅ ስሕተት ሊወልድ እንደሚችል በዚህ ተረዳን። መድኃኒቱም ሥራው እስኪያልቅ አንዲቱን አስተማሪ ብቻ መከተል፣ መርፌውንም ከማስገባታችን በፊት የቀለበቱ መሪ እግር በየት በኩል እንደ ሆነ ማየት ነበር።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነበር። ሹራቡ አልቆ፣ ታጥቦ፣ ለአባባ ስናቀርብላቸው ከትከሻቸው አልወርድ አለ። አባባም ሳቅ ብለው «ልጆቼ፣ ይህንንስ የልጅ ልጄ ይልበሰው» አሉን። ከሳቃቸው ይልቅ ቅር እንዳይለን መጠንቀቃቸው አሳፈረን። ነገሩ እንዲህ ነው። በቪዲዮ ያለችው አሜሪካዊት ቁጥር 8 መርፌ ውሰዱ ብላ ነበር፤ እኛም ከአንዲት ጓደኛችን ቤት የተገኘውን የቆየ የእንግሊዝ መርፌ፣ 8 የሚል ቁጥር ስላየንበት ወሰድን። ግን የእንግሊዝ የድሮ ቁጥር ከሽቦ መለኪያ የመጣ ስለ ሆነ ቁጥሩ ባደገ መጠን መርፌው ይቀጥናል፤ የአሜሪካው ግን ቁጥሩ ባደገ መጠን ይወፍራል። የአሜሪካ 8 ቁጥር 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእንግሊዝ 8 ቁጥር 4 ሚሊ ሜትር ነው። ሹራቡ በዙሪያው 198 ቀለበት ነበረው። በአስተማሪዋ መርፌ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 18 ቀለበት ስለሚገባ ዙሪያው 110 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በእኛ መርፌ 22 ቀለበት ስለሚገባ 90 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆነ። ከእጃችን ላይ 20 ሳንቲ ሜትር የጠፋው አንድ ሚሊ ሜትር ስላልለካን ነው። ዚመርማን አስቀድማችሁ ትንሽ ቁራጭ ሠርታችሁ ለኩ እያለች ያስተማረችው ለዚህ ነበር፤ እኛ ግን ጊዜ ለማትረፍ ብለን አልፈነው ነበር።

ከዚያ በኋላ በክበባችን ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን ለልጅ ልጃቸው ይሰጥ አልን፤ ሌሎቻችን ቃል የገባነው ለአባባ ነው አልን። በመጨረሻ ለመተርተር ተስማማን። የብዙ ሳምንት ድካም ባንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ልቃቂት ሲመለስ ማየት ቀላል ነገር አልነበረም፤ ከመካከላችንም ያለቀሱ ነበሩ። ቢሆንም ሸማ ከተቀደደ ድሩና ማጉ ተመልሶ አይሠራበትም፤ ሹራብ ግን ከአንድ ክር ስለ ተሠራ የተሳሳተበትን ሰው ክሩን ሳይነፍግ ይመለስለታል። የተተረተረው ክር ተጨማዶ ስለ ነበረ አጥበን፣ ክብደት አንጠልጥለንበት እስኪቃና አደረቅነው። በ5 ሚሊ ሜትር መርፌ ቁራጭ ሠርተን ለካን፤ 18 ሆነ። እንደ ገና ጀመርን።

ለመምህራንና ለወላጆች የምንለው ይህ ነው። ቪዲዮ ታላቅ አስተማሪ ነው፤ ባሕር ማዶ ያለችን ባለሙያ እጅ በነፃ ያሳየናል። ግን የተማሪውን እጅ የሚያይ ዐይን ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት፤ ከመምህር፣ ከጓደኛ፣ ሹራብ ከምታውቅ አያት፣ እነዚህ ባይኖሩም ከተማሪው ከራሱ። ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ለተከታዮቹ የክበቡ አባሎች ደግሞ የመርፌዎቻችንን ልክ በሚሊ ሜትር ጽፈን፣ ከተበላሹት ቁራጮችም ሦስቱን ሳንተረትር በክበቡ ሣጥን ውስጥ አኑረንላቸዋል፤ በእያንዳንዱም ላይ ስሕተቱ ምን እንደ ነበረ ተጽፎበታል። አባባም ሁለተኛውን ሹራብ ለብሰው በሩን ይከፍቱልናል። ግራ እጅጌው ከቀኙ ጥቂት ይረዝማል፤ እርሳቸው ግን እስካሁን አልነገሩንም።